ተከላና ጽድቀት፦ መራጭ በአዲስ መሪ ላይ ስለሚሰጠው የመጀመሪያ ፍርድ

የአማርኛ ቋንቋ ለሦስት ነገሮች አንድ ግሥ መድቧል። የተተከለ ችግኝ ሥር ሰድዶ፣ የበጋውን ድርቀት ተቋቁሞ በሕይወት ሲገኝ «ጸደቀ» ይባላል። በምክር ቤት ተመክሮበት የተወሰነ አዋጅ «ጸደቀ» ይባላል። ሥራው ተመዝኖ ንጹሕ ሆኖ የተገኘ ሰውም «ጸደቀ» ይባላል። ሦስቱን የሚያስተሳስራቸው ፈተናን ማለፍ ነው፤ ፈተናም ጊዜን ይጠይቃል። ችግኙን በተከለበት ዕለት «ጸደቀልኝ» የሚል አትክልተኛ የለም። ረቂቅ በቀረበበት ቅጽበት ሕግ ሆነ ብሎ የሚፈርድበት ዳኛም የለም። በሰው ላይ፣ ይልቁንም የአገር መሪ ለመሆን ብቅ ባለ ሰው ላይ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን «ጸደቀ» ወይም «ተኮነነ» ብሎ መፍረድ የተለመደ ነው።

በሰሜን ምዕራብ አዲስ አበባ፣ በእንጦጦ ተራራ ሰንሰለት ላይ ከ700 ሔክታር በላይ በሚሸፍነው የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ጽድቀት የሥራ ቃል ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት ይህ ማዕከል ከተሰጡት ተግባራት አንዱ በባሕር ዛፍ ተውጦ የኖረውን ምድር ደረጃ በደረጃ ለጥድ፣ ለኮሶ፣ ለወይራና ለሌሎች አገር በቀል ዕፅዋት መመለስ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር በከተማይቱ ዳገቶች ላይ ሹማምንት አካፋ ይዘው፣ ሠራተኞች ተሰልፈው፣ ካሜራዎች ተደቅነው ችግኝ ይተከላል። ፎቶግራፉ የሚነሣው በሐምሌ ነው። የጸደቀውና የደረቀው ተለይቶ የሚታወቀው ግን በበጋ፣ ሣሩ ቢጫ ከሆነ በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ቆጣሪው እንጂ ፎቶግራፍ አንሺው በስፍራው አይገኝም። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኞች መተከላቸውን ሲያስታውቅ ቁጥሩ ዓለምን አዳርሷል። የጽድቀቱ ቁጥር ግን ያን ያህል የጋዜጣ ዓምድ አላገኘም።

በተከላና በጽድቀት መካከል ያለው ይህ ልዩነት አንድ ሥነ ምግባራዊ ጥያቄ ያስነሣል። መራጭ አዲስ የፓርቲ መሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያይ በልቡ የሚያድርበት ግምት ምን ያህል ዋጋ አለው? ግምቱ ኋላ ስሕተት ሆኖ ቢገኝ መራጩ ይጠየቅበታል ወይስ እንደ ተታለለ ሰው ይታዘንለታል? አበው በዚህ ረገድ ያስተላለፉት ቃል አንድ አይደለም። «ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» ብለው ለዓይን የዳኝነት ሥልጣን ሰጥተዋል፤ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለውም ያንኑ ሥልጣን መልሰው ነሥተዋል። ሁለቱም አነጋገሮች ዛሬም በአንድ ሰው አፍ ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ሲመርጥ የፊተኛውን፣ ሲያዝን የኋለኛውን ይጠቅሳል።

የኢትዮጵያ መራጭ ይህን ጥያቄ በቅርብ ዘመን በግንባር የተጋፈጠው በ2010 ዓ.ም. ነው። የካቲት 8 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ከሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን አስታወቁ። መጋቢት 18 ቀን 180 አባላት የነበሩት የኢሕአዴግ ምክር ቤት ዶክተር ዐቢይ አሕመድን በ108 ድምፅ ሊቀ መንበሩ አድርጎ መረጠ። እንደሚታወቀው በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሰይመው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንጂ መራጩ በቀጥታ አይደለም። ስለዚህ ድምፅ የሰጡት ሰዎች ዕጩውን በስብሰባና በሥራ ለዓመታት የሚያውቁት ሲሆኑ፣ የቀረው ሕዝብ በቴሌቪዥን መስኮት በኩል የተዋወቀ ነበር። ይሁን እንጂ ፍርዱን ከመስጠት አልተቆጠበም፤ የመምረጫ ካርድ ባይኖረውም ልቡ መርጧል።

መጋቢት 24 ቀን አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ቃለ መሐላ ፈጽመው ያሰሙትን ንግግር ያደመጠ ሰው በልቡ የቀሩትን ነጥቦች ዛሬም በጣቱ ሊቆጥር ይችላል። የዕድገት መቶኛ ሲነበብበት በኖረው አዳራሽ ውስጥ አንድ መሪ እናቱንና ባለቤቱን አመሰገነ። ለጠፋው ሕይወት ይቅርታ ጠየቀ። «ተቃዋሚ» ሲባሉ የኖሩትን ፓርቲዎች «ተፎካካሪ» ብሎ ጠራ። ለኤርትራ የሰላም ጥሪ አቀረበ። ከዚያም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጅግጅጋ፣ አምቦ፣ መቀሌና ጎንደር ታየ፤ መቀሌ ላይ በትግርኛ ተናገረ። እስረኞች ተፈቱ። ሰኔ 16 ቀን በመስቀል አደባባይ ምስሉን በደረቱ ያተመ ሕዝብ ተሰበሰበ፤ በዚያው ሰልፍ ላይ ቦምብ ፈንድቶ የሰው ሕይወት ሲጠፋ ፍቅሩ በረታ እንጂ አልቀነሰም። ሐምሌ 2 ቀን ከኤርትራ ጋር የነበረው የጦርነት ሁኔታ ማብቃቱ አስመራ ላይ ተፈረመ። እነዚህ ሁሉ የሆኑ ነገሮች ናቸው። ያን ጊዜ የተደሰተው መራጭ ያየው ነገር ሕልም እንዳልነበረ ማስታወስ ፍትሐዊነት ነው።

የፍልስፍና ተማሪዎች ክስተትንና ምንነትን ለይተው ማየት ይማራሉ። ክስተት ለዓይን የሚገለጠው ነው፤ ምንነት በሂደት ውስጥ የሚገለጠው ነው። ሆኖም ይህ ትምህርት ብዙ ጊዜ በግማሹ ይወሰዳል። ክስተት ሐሰት፣ ምንነት እውነት ነው የሚሉ አሉ። ይህ ትክክል አይደለም። የችግኝ ቅጠል እውነተኛ ቅጠል ነው፤ ጉድለቱ ገና ቅጠል ብቻ መሆኑ ነው። የይቅርታው ቃልም በተነገረበት ሰዓት ቃል ነበረ። ጥያቄው ከዚያ ሰዓት በኋላ በጋ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ነው።

ግምቱ ለምን ያን ያህል በረታ ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ከተናጋሪው ይልቅ በአድማጩ ዘንድ ይገኛል። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ አገሪቱ በተቃውሞ፣ በግድያና በእስር ስትናጥ ቆይታ ነበር፤ በመስከረም 2009 እና በየካቲት 2010 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል። የተጠማ ሰው የውኃውን ጥራት አይመረምርም፤ ይህም ሊነቀፍበት አይገባም። ነገር ግን የጠጣው ውኃ ምንጭ ስለ መሆኑ የሰጠው ምስክርነት በጥሙ ልክ መታየት አለበት። ተቃራኒውን ለማየት መስከረም 11 ቀን 2005 ዓ.ም. ማስታወስ ይበቃል። ኃይለማርያም ደሳለኝ ከመለስ ዜናዊ ሞት በኋላ ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ መራጩ ያየው ዝግተኛ፣ ድምፀ ለስላሳ መሐንዲስ ነበር፤ ብዙዎች በዚያው ቀን «የሌላ ሰው ጥላ» ብለው መዝግበው ፋይሉን ዘጉ። በራሱ ጥያቄ ሥልጣን የሚለቅ መሪ በዚያ ዝምታ ውስጥ ሊኖር እንደሚችል ማንም አልገመተም። የመጀመሪያ ግምት ከልክ በላይ ሲያከብር ብቻ ሳይሆን ከልክ በታች ሲያቃልልም ይሳሳታል፤ ሁለተኛው ስሕተት ግን ጩኸት ስለሌለው አይታወስም።

የባሕር ዛፍ ታሪክም ለዚህ ነገር ይመሰክራል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባ ነዋሪ በማገዶ እጦት ተጨንቆ፣ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር እንደሆነ ሲነገር፣ ከባሕር ማዶ የመጣው ፈጥኖ አዳጊ ዛፍ ከተማዋን በቦታዋ አጽንቷል። በዚያን ዘመን ዛፉን አይቶ ያመሰገነው ሰው አልተሳሳተም፤ የጠየቀው ማገዶ ነበር፤ ያገኘውም ማገዶ ነው። ውኃውን እንዴት እንደሚመጥ፣ ከሥሩ ስንት ዕፅ እንደሚበቅል የጠየቁት የኋላ ትውልዶች ናቸው። በጉለሌ ዛሬ ባሕር ዛፉ ቦታውን ለጥድ ይለቃል፤ ምኒልክን ግን ለዚህ የሚከስ የለም። ፍርድ ከተጠየቀው ጥያቄ ጋር አብሮ ካልተያዘ ትርጉሙ እንደሚጠፋ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በአሜሪካ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ የማያውቋቸውን ዕጩዎች ፎቶግራፍ ለአንድ ሴኮንድ ያህል ብቻ ያዩ ሰዎች «ብቃት ያለው የሚመስለው የትኛው ነው?» ተብለው ሲጠየቁ የሰጡት መልስ፣ ከሴኔት ምርጫዎች በ70 ከመቶ ገደማ ከእውነተኛው አሸናፊ ጋር ገጥሟል። ይህ የሠለጠነ፣ ጋዜጣ አንባቢ የሚባል መራጭ ነው። ፊት አይቶ መፍረድ እንግዲህ የማይምነት ውጤት ሳይሆን የሰው ልጅ ሁሉ ጠባይ ነው ማለት ነው።

በዚያው ዓመት፣ በ1997 ዓ.ም. ምርጫ፣ የአዲስ አበባ መራጭም የፓርቲ መሪዎችን በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ክርክር ፊት ለፊት ያየበት ጊዜ ነበር። ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ ከምርጫው ጥቂት ወራት በፊት የተመሠረተ ነበር፤ ሁለት ጣት የዘረጋ ምልክቱ ከፕሮግራሙ ቀድሞ ቤት ለቤት ደረሰ። ግንቦት 7 ቀን የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ መቀመጫዎች በሙሉ ወሰደ። ከዚያ በኋላ የመጣው ግድያ፣ እስርና የመሪዎቹ እርስ በርስ መለያየት የታወቀ ነው። ያን ጊዜ ሁለት ጣት ያነሣ እጅ ስለ መሪዎቹ ጠባይ ምንም አላወቀም ነበር፤ ስለ ራሱ ፍላጎት ግን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ ያንንም በካርድ ተናገረ።

የምስል ኃይል ለመሾም ብቻ አይውልም፤ ለመሻርም ይውላል። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ደርግ የወሎን ረሃብ የሚያሳየውን የእንግሊዛዊውን ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢን ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣዎች ምስል ጋር አሰናስሎ በቴሌቪዥን አቀረበ፤ በማግሥቱ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ወረዱ። ረሃቡ እውነት ነው፤ ግብዣውም እውነት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን የቆረጠውና የቀጠለው እጅ ግን አልታየም። ያን ምሽት በጽድቅ ቁጣ የተነሣ ተመልካች አዲሶቹን መሪዎችም በዚያው ቁጣ ብርሃን አያቸው። ኅዳር 14 ቀን የብዙዎችን እምነት አግኝተው የነበሩት ጄኔራል አማን አንዶም ተገደሉ፤ በዚያው ሌሊት የቀድሞ ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ተረሸኑ። «ያለ ምንም ደም» ከሚለው መፈክር እስከዚያ ሌሊት ድረስ ጥቂት ወራት እንኳ በቅጡ አልሞሉም።

ታዲያ መራጭ እስኪያረጋግጥ ድረስ ከመፍረድ ይታቀብ ማለት ይቻላልን? አይቻልም። ምርጫ ቀን አለው፤ ታሪክም ቀጠሮ አይቀበልም። የከብት እረኛ መርዛማውን ቅጠል እስኪያብብ አይጠብቅም፤ በሽታው ይለየዋል። «ጠብቀን እንይ» የሚለው ቃል ጥበብ የሚመስልበት ጊዜ ብዙ ቢሆንም፣ ከዳር ቆሞ አሸናፊውን ለመጠበቅም ያገለግላል፤ ይህን ለካድሬ አንባቢ ማብራራት አያሻም። መራጩ ፈጥኖ መፍረዱ በደል አይደለም። በደሉ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ፣ የሰጠውን ፍርድ በሚይዝበት መንገድ ነው።

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት በሰሜን ጦርነት ተቀሰቀሰ። የሰላም የኖቤል ሽልማት ለጠቅላይ ሚኒስትሩ መሰጠቱ ከታወቀ ገና 13 ወር አልሞላም ነበር። ጦርነቱ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር እጅግ ብዙ ሕይወት በልቶ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ቆመ፤ ብዙም ሳይቆይ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተቀጣጠለ። በመካከሉ፣ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በትግራይ ምርጫ ሳይደረግ፣ መራጩ ስለ መሪው በወረቀት ላይ ድምፅ የሰጠበት የመጀመሪያ ዕድል መጣ፤ ብልጽግና ፓርቲም በዚያ ዙር ከተወዳደሩባቸው 436 መቀመጫዎች 410 አሸነፈ። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ የ2010ሩን ግምት የያዙ ሰዎች ሁለት መንገድ ይዘው ሲሄዱ ታይተዋል።

አንደኛው መንገድ የመጀመሪያውን ግምት እንደ ርስት መጠበቅ ነው። እዚህ ላይ መራጩ የሚከላከለው መሪውን ይመስለዋል፤ በእርግጥ የሚከላከለው ግን ያን ቀን ያነባውን እንባ ነው። ጥሩው ሁሉ የመሪው፣ ክፉው ሁሉ የሌላ ይሆናል። ሁለተኛው መንገድ የበለጠ የረቀቀ ነው፤ መካድ። «እኔ ያን ጊዜም አላመንኩትም ነበር» የሚል ሰው ቁጥር በየዓመቱ ስለሚያድግ፣ በ2010 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ ማን ቆሞ እንደነበር ለማወቅ ያስቸግራል። ይህ ክህደት ከፊተኛው ግትርነት የከፋ ነው። ግትሩ ቢያንስ ፊርማውን አይክድም። ካጁ ግን ፊርማውን ስለሚፍቅ ከስሕተቱ የሚማርበትን ወረቀት አብሮ ያቃጥላል፤ ሌላ መሪ ብቅ ሲል እንደገና ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያይ ሰው ያያል። ከዚህም በላይ፣ በወቅቱ በእርግጥ ተጠራጥረው ተናግረው የተሰደቡትን ጥቂት ሰዎች ብቸኝነት ይሰርቃል።

የዕፅዋት ሊቃውንት አሠራር ለዚህ ችግር የሚበጅ ልማድ አለው። ጉለሌን ካቋቋሙት አንዱ በሆነው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የደረቁ ዕፅዋት ናሙናዎች የሚጠበቁበት ብሔራዊ ሄርባሪየም ይገኛል። ናሙና በወረቀት ላይ ሲለጠፍ የተገኘበት ቦታ፣ የቦታው ከፍታ፣ ቀኑና የሰብሳቢው ስም ከግርጌው ይጻፋል፤ የዕፁም ስም ይሰየማል። አበባና ፍሬ የሌለው ናሙና ለመለየት አስቸጋሪ ስለሆነ ስሙ ብዙ ጊዜ በጥርጣሬ ይጻፋል። ከዓመታት በኋላ ሌላ ሊቅ መርምሮ ስያሜው ስሕተት መሆኑን ቢደርስበት የቀድሞውን ወረቀት አይልጥም፤ አዲሱን ስም ከነቀኑና ከነስሙ በትንሽ ወረቀት ጽፎ ከጎኑ ይለጥፋል። አንድ ናሙና ሦስትና አራት እንዲህ ያለ ወረቀት ሊደረድር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው፣ 6000 ያህል የዕፅዋት ዝርያዎችን በስምንት ጥራዞች የያዘው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ የተሠራው እንዲህ ባለ ትዕግሥት ነው። በፊት የሳተው ሰው ስም አልተፋቀም፤ አላፈረበትምም።

የ2010 መራጭ እንዲህ ያለ ወረቀት ቢኖረው ኖሮ «መጋቢት 24፤ በቴሌቪዥን የታየ፤ ቅጠል ብቻ፤ አበባና ፍሬ ገና» ተብሎ በተጻፈበት ነበር። ቦታውም መጻፍ ነበረበት። ያንን ንግግር ጉለሌ ሆኖ ያደመጠ፣ አምቦ ሆኖ ያደመጠና መቀሌ ሆኖ ያደመጠ ሰው አንድ ቃል ሰምተው አንድ ነገር አልሰሙም። ለአንዱ የእስር ቤት በር መከፈት የነበረው ለሌላው የራሱ ወገን ወንበር መነቅነቅ ሊሆን ይችላል። ሰብሳቢው የቆመበትን ከፍታ ያልጻፈበት ናሙና ለሳይንስ ዋጋው ያነሰ ነው፤ የፖለቲካ ፍርድም እንዲሁ። «ሕዝቡ ደገፈው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ብዙ ከፍታዎችን በአንድ ቁጥር የሚያጠፋ ስንፍና ነው።

ኪነ ጥበብ በዚህ ረገድ ከሁሉ የከበደ ዕዳ አለበት። ካድሬው ሰልፉን አሰልፎ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ዘፈኑና ሥዕሉ ግን ይቀራሉ። አዲስ መሪ በመጣ ቁጥር ዘፋኝ ግጥም ይገዛል፣ ሠዓሊ ሸራ ይወጥራል፣ አታሚ ካናቴራ ያዘጋጃል፤ የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል እንደተባለው የሚነከሰውም ብዙ ጊዜ ቀንድ ነው። ይህ ሲባል የደስታ ዘፈን አይዘፈን ማለት አይደለም። በደስታ ቀን ደስታን የመዘገበ ሥራ ታማኝ ሥራ ነው፤ ቀኑን እስካልካደ ድረስ። ነቀፋ የሚገባው ያንኑ ፊት በየዓመቱ በአዲስ ቀለም እያደሰ ከሥሩ ያለውን ቀን የሚፍቅ ሥራ ነው። የ1967ን፣ የ1997ንና የ2010ን የአደባባይ ፎቶግራፎች በአንድ ግድግዳ ላይ ከነቀናቸው የሰቀለ ትርዒት ቢኖር፣ ተመልካቹ በሦስቱም ውስጥ የሚፈልገው የመሪዎቹን ፊት ሳይሆን የራሱን ወይም የአባቱን ፊት ይሆናል።

መምህሩም ቀላል መሣሪያ በእጁ አለ። የሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎች ስለ አንድ አዲስ መሪ የሚያስቡትን በአንድ ወረቀት እንዲጽፉ፣ ቀንና ቦታ እንዲያሰፍሩ፣ ወረቀቱም ታሽጎ ከሦስት ዓመት በኋላ ጎን ለጎን ሌላ እንዲለጠፍበት ማድረግ ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ወረቀት፣ ሙጫና የተቆለፈ ሣጥን ነው። አስቸጋሪው የሣጥኑ ቁልፍ ማን ዘንድ ይቀመጥ የሚለው ነው። ዛሬ የተጻፈ ጥርጣሬ ነገ ማስረጃ ሆኖ እንደማይቀርብበት ያላመነ ተማሪ በወረቀቱ ላይ የሚጽፈው የመጀመሪያ ግምቱን ሳይሆን ርእሰ መምህሩ ሊያነበው የሚወደውን ነው፤ ይህንንም ገና ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ያውቀዋል።